መኪናው ካለፈ በኋላ

ጋሼ ደሞዝ እንደሚሉት ነገሩ እንዲህ ነበር። በካርታ ጨዋታው መነን «ሁለት ልብ» ብላ ተራው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ፣ ከደብረ ታቦር በኩል ሽንኩርት እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ መገንጠያው ላይ ደረሰ። በዚያ ጩኸት መካከል ቢናገሩ የሚሰማቸው የለምና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። መኪናው እንዳለፈ «አለፍኩ» አሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ የተጨመረ ነገር የለም።

መነን እንደምትለው ደግሞ፣ መኪናውስ እውነት ነው፤ ጮኾም አልፏል። ግን መኪናው ካለፈ በኋላ፣ አቧራው መሬት ከያዘ በኋላ፣ አያ አዛናው ከሆቴሉ ውስጥ ሆነው «ቀጭን ሻይ ያዘዘ ማነው?» ብለው ጠይቀው ይርጋለም «እኔ ነኝ» ብሎ ከመለሰላቸው በኋላ እንኳ ጋሼ ደሞዝ ካርታቸውን እያዩ ነበር። አንዷን ካርታ ከሌላዋ ጎን አስጠጉ፤ መልሰው ለዩዋት፤ በአውራ ጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነካኳቸው፤ ተነፈሱ። «አለፍኩ» ያሉት ከዚያ ወዲያ ነው።

ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመለከት፣ ልዩነታቸው አንድ የሻይ ጥያቄና መልስ የምታህል ጊዜ ናት። ለዚህች ብሎ ሰው ይቀያየማል ወይ የሚል ይኖራል። ብሪጅ የሚጫወት ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ካርታ ነው። አጣማሪህ ጎንህ ሳይሆን ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ካርታው ታድሎ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ጨረታ አለ። እያንዳንዱ በተራው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በየትኛው ዓይነት ካርታ፣ በልብ ይሁን በጦር፣ ከስድስት በላይ ስንት ዙር እንደሚያሸንፉ ቃል ይገባል፤ ቀጣዩ ወይ ይበልጣል ወይ «አለፍኩ» ይላል። በጨረታው ያሸነፈ ቃሉን መፈጸም አለበት፤ ካቃተው ይቀጣል። የአጣማሪህን ካርታ አታየውም። ስለ እሱ የምታውቀው በጨረታው ላይ ከምትወጣው ከዚያች አንዲት ቃል ብቻ ነው። ዝምታው፣ ማመንታቱ፣ ሳሉ፣ የፊቱ መለዋወጥ ግን ላንተ እንዳልታየ ይቆጠራል። ብዙ ቆይቶ «አለፍኩ» ያለ ሰው «የያዝኩት ለማለፍ የሚያሳሳ ነው» ብሎ የተናገረ ያህል ነውና፣ ያንን ሰምቶ የሚጫረት አጣማሪ ከሌባ አይሻልም። ይህን ሕግ ወረታ ላይ ያስተማሩት ራሳቸው ጋሼ ደሞዝ ናቸው። «የአጣማሪህን ቃል ስማ፤ ዝምታውን አትስማ» ይሉ ነበር።

ጋሼ ደሞዝ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። በሥራ ምክንያት መጥተው፣ የወረታ ሴት አግብተው፣ ጡረታቸውንም እዚሁ አደረጉት። ብሪጅን የተማሩት በወጣትነታቸው ከአንድ የውጭ አገር አለቃቸው ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ በሚባልበት ሰሞን፣ አያ አዛናው ሆቴል በረንዳ ላይ የሞተ ስልካቸውን እያገላበጡ የሚቆዝሙ ሦስት ሰዎች አዩና «ኑ፣ የማይጠፋ ኔትወርክ ላሳያችሁ» አሏቸው። ሦስቱ፣ የሩዝ ዘር ባለሙያው ሰውመሆን፣ ከሰሜን ሸዋ ተመድባ የመጣችው የሒሳብ መምህርት መነን፣ እና መድኃኒት ቤት ያለው ይርጋለም ነበሩ። ኔትወርኩ ሲመለስም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የብሪጅ ሆኖ ቀረ። ሰውመሆን ከጋሼ ደሞዝ ጋር፣ መነን ከይርጋለም ጋር።

ሰውመሆን ጋሼ ደሞዝን «መቀናጆዬ» እያለ ይጠራቸዋል። በፎገራ ሜዳ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አጣምሮ ያርሳል፤ እነዚህ መቀናጆ ይባባላሉ። አባቱ አቶ መንግሥቴ እንዲህ እያረሱ ነው ኮሌጅ የላኩት። ጋሼ ደሞዝ ቃሉን ሲሰሙ ስቀው «እንግዲህ በሬው እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ሞፈሩ ነዎት» አላቸው።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ጨረታውን «አንድ ጦር» ብሎ የከፈተው ሰውመሆን ነበር። መነን «ሁለት ልብ» አለች። መኪናው ጮኸ፤ አለፈ። ጋሼ ደሞዝ «አለፍኩ» አሉ። ይርጋለም «ሦስት ልብ» አለ። ሰውመሆን የያዘው ካርታ፣ ጋሼ ባዶ ከሆኑ የሚያዋጣ አልነበረም። ባዶ እንዳልሆኑ ግን አውቋል። አውራ ጣታቸው ካርታዎቹ ላይ ሲመላለስ ዓይኑ እዚያው ነበር። «ሦስት ጦር» አለ፤ ተጫወቱ፤ አሸነፉ።

መነን ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ቆይተዋል።»

«መኪና ነው የጠበቅሁት፣ ልጄ።»

«መኪናው ካለፈ በኋላ ነው የምለው።»

«ዋሽተዋል እያልሽኝ ነው?»

«ዋሽተዋል አላልኩም! ቆይተዋል ነው ያልኩት።»

ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል የሆቴሉ ባለቤት አያ አዛናው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። አያ አዛናው ከብሪጅ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ተጫዋቾቹ ብዙ ተቀምጠው ጥቂት ሻይ እንደሚጠጡ ብቻ ነው። ጠብ ግን ያውቃሉ፤ በአገሩ ያልዳኙት የድንበር ነገር የለም።

«ምንድን ነው ይኸ? ያ ሁሉ ሹፌር ምሳ እየበላ!» አሉና የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ከዚያ ወደ ሰውመሆን ዞሩ። «አንተ የመንግሥቴ ልጅ፣ የሜዳው ልጅ ነህ፤ እስቲ አንተ መስክር። መኪና አልፏል ወይስ አላለፈም?»

«አልፏል፣ አያ። ጡሩንባም ነፍቷል» አለ ሰውመሆን። ይህ እውነት ነበር።

«ካለፈ በኋላስ?» አለች መነን።

ሰውመሆን ጋሼ ደሞዝን አየ። አንገታቸው ላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ከጓዳው በር የሆቴሉ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። በሰባ ዓመታቸው፣ በልጆቻቸው እድሜ ባለች ሴት፣ በሹፌሮች ፊት።

«እንጃ... እሱን አላስተዋልኩም» አለ።

«አበቃ!» አሉ አያ አዛናው። «ምስክር ተናግሯል። መነን ልጄ፣ ተነሺ። ጋሼሽን ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅር ይበሉኝ በይ። ሽማግሌ ሰው ውሸታም ተብሎ ከኔ ቤት አይወጣም።»

መነን ሰውመሆንን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ጎንበስ አለች። ጋሼ ደሞዝ ጉልበታቸው ሳይነካ ብድግ አድርገዋት ግንባሯን ሳሟት። አያ አዛናው ለአራቱም ሻይ በነጻ ጋበዙ። የእሷ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሰውመሆን ግን እያደር ከበደ።

በመጀመሪያው ቀን ለራሱ የሚሰጠው መልስ ነበረው። መቀናጆ የመቀናጆውን በሬ በሰው ፊት «ይለግማል» አይልም፤ ነውር ነው። ቢለግምም በኋላ፣ ሞፈርና ቀንበሩ ተፈቶ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ይነግረዋል። እሱም እንዲሁ አደረገ፤ በሰው ፊት አላዋረዳቸውም። ለብቻቸው ሲያገኛቸው ይነግራቸዋል። እንዲህ እያለ፣ የዘር ማሳዎቹን ለማየት በሜዳው ላይ ሲዘዋወር፣ በሩዙ ውኃ ዳር ቆሞ የሚናገረውን ያሰላስል ነበር። «ጋሼ፣ ያኔ እንኳ ቆይተው ነበር። አውቀው እንዳልሆነ አውቃለሁ።» ቀላል ቃል ነው።

ለብቻቸው የሚገናኙበትም ቀን መጣ። ሰውመሆን ከመስክ ሲመለስ ጋሼ ደሞዝ መንገድ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ አገኛቸውና አብረው በእግር ወደ ቤታቸው አቀኑ። ጋሼ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሚስታቸው ደም ግፊት አወሩ። ከዚያ ድንገት ቆሙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናው ነበር አይደል?»

«እ?»

«እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ በደንብ አላስታውስም። በዚህ ዕድሜ ሰው ካርታ ሲያይ ይሰጥማል። ሳስበው ሳስበው ግራ ገባኝ። ያቺ ልጅ ውሸት የምታውቅ አይደለችም። ቆይቼ ከሆነ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ምን ቸገረኝ? ግን ደግሞ አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አላስተዋልኩም ካልክ... እንግዲህ መኪናው ነው አልኩ።»

በሩ ተከፍቶለት ነበር። ከሰው የራቀ ቦታ፣ ራሳቸው የጠየቁት ጥያቄ፣ ተቀያሚ የሌለበት። ያዘጋጀው ቃል ሁሉ እዚያው ጉሮሮው ላይ ነበር። ነገር ግን እንዲያ ቢላቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አወቀ፦ «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም? ደግሞስ አይተህ ከሆነ ለምን ሦስት ጦር አልክ?»

«መኪናው ነው፣ ጋሼ» አለ።

ሽማግሌው ሸክም እንደወረደለት ሰው ትከሻቸው ቀና አለ። «ተባረክ። እኔስ አእምሮዬ ሄደ ብዬ ፈርቼ ነበር» ብለው ክንዱን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሰውመሆን እስከ ደጃቸው ድረስ ያ የያዙት ክንድ የእሱ እንዳልሆነ ሆኖ ተሰማው። በሰው ፊት አለመናገሩስ ደግ፤ ለብቻቸው ሲጠይቁት ደግሞ ዋሻቸው። ይህ የመቀናጆ ሕግ አይደለም። ይህ ለራስ መሸሽ ነው።

መነንን ያገኛት ገበያ መግቢያው ላይ፣ ቲማቲም ስትመርጥ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ሰውመሆን?» አለችው።

«ምነው መነን? እኔን ነው እርስዎ የምትይ?»

«ምን ላድርግ? አክብሮት ተማርኩ እኮ። ትምህርቱ ጉልበት የሚሳምበት ስለሆነ አይረሳም።» አንድ ቲማቲም አንሥታ ጠረጠረችና መለሰችው። «ተማሪዎቼም ሰምተዋል። አንዱ እጁን አውጥቶ ‹ቲቸር፣ ሽማግሌ ሰድበሽ በሽምግልና ይቅርታ ጠየቅሽ የሚባለው እውነት ነው ወይ?› አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ስለ ሦስት ጦር ላስረዳቸው?»

«መነን...»

«ቆይ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህና እተውሃለሁ።» እርስዎው ተረስቶ ነበር። «ለጋሼ አይደለም፤ ለአያ አዛናውም አይደለም። ለእኔ ብቻ ንገረኝ። አይተሃል ወይስ አላየህም? እኔ ራሴን እንድጠረጥር አታድርገኝ።»

ከኋላቸው በግ የጫነ ባጃጅ «ዞር በሉ!» እያለ መጣ። ሰዉ ገለል ገለል ሲል እሱም ገለል አለ። ባጃጁ ሲያልፍ መነን እዚያው ቆማ መልሱን ትጠብቅ ነበር። እሱ ቲማቲሙን አየ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ይርጋለም ለምኖኝ ነው፤ አራተኛ ሰው የለንም አለ። ከዚያ ወዲያ ግን እንጃ። ቃሌ የማይታመንበት ጠረጴዛ ላይ ቃል ስሰጥ አልውልም።»

ቅዳሜ አራቱም በቦታቸው ተቀመጡ። በረንዳው እንደ ወትሮው ነው፤ መንገዱ ግን ጭር ብሏል። ከጎንደርም ከደብረ ታቦርም የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ ቀድመው የደረሱ ሹፌሮች ብቻ ውስጥ ምሳ ይበላሉ። ይርጋለም ካርታውን እየበወዘ ዝምታውን ለማባረር የማይለው የለም።

«ዛሬ ማንም ቢያስነጥስ ከእኔ መድኃኒት ገዝቶ ነው የሚያስነጥሰው! ሳልም፣ ማዛጋትም በትእዛዝ!»

ጋሼ ደሞዝ ከልባቸው ሳቁ። መነን ፈገግ አለች፤ ለጋሼ ነበር ፈገግታው። ከመቀመጧ በፊት ወንበራቸውን ከፀሐይ አዙራ ጥላ ውስጥ አድርጋላቸዋለች። ሰውመሆን ይህን ባያይ ይመርጥ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች እንዲሁ በየተራ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ አለፉ። ከዚያ ሰውመሆን ካርታውን አንሥቶ ሲደረድር ስድስት የጦር ካርታ አገኘ፤ አናታቸው ላይ አስና ንጉሥ። የቀረው እምብዛም ነው።

«አንድ ጦር» አለ።

«ሦስት ልብ» አለች መነን፤ ሁለትን ዘልላ፣ መንገዱን ለመዝጋት።

ተራው የጋሼ ደሞዝ ሆነ።

ጋሼ ካርታቸውን አዩ። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ አራቁት። አንዷን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። አፋቸውን ለመናገር ከፈቱና መልሰው ዘጉት። አውራ ጣታቸው በካርታዎቹ ጫፍ ላይ እየተንቀሳቀሰ ሄደ፤ ተመለሰ። መንገዱ ላይ ድምፅ የሚባል የለም። አያ አዛናው ጠረጴዛ መወልወላቸውን ትተው ቀና አሉ። ይርጋለም ቀልዱን ዋጠ።

«አለፍኩ» አሉ ጋሼ፣ በረጅሙ ተንፍሰው።

መነን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዓይኗን እንኳ ከካርታዋ አላነሣችም። ባለፈው የተናገረችው ምን እንዳተረፈላት ታውቃለች።

«አራት ልብ» አለ ይርጋለም።

አሁን የሰውመሆን ተራ ነው። ጦር ከልብ ስለሚበልጥ «አራት ጦር» ማለት ይችላል፤ ከአሥራ ሦስቱ ዙር አሥሩን እናሸንፋለን ማለት ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቷል። ጋሼ ጥሩ ካርታ እንዳላቸው እንደ ራሱ ካርታ ያውቃል። ቢጫረት ያሸንፋሉ።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ነገሩን ከሁለቱም ወገን አየው። ስድስት ጦር፣ ከነአሱ ከነንጉሡ፣ ቀላል አይደለም። ጋሼ ቶሎ ቢያልፉም ኖሮ ደፋር ሰው ይጫረትበት ነበር። ምናልባት እሱም ይጫረት ነበር። እስቲ ጋሼ ጊዜ ሳይወስዱ፣ ልክ እንደ ይርጋለም ፈጥነው፣ «አለፍኩ» ብለዋል እንበል። ያኔ ምን ይል ነበር? ያን «አለፍኩ» በጆሮው ሊሰማው ሞከረ። አልሰማ አለው፤ አንዴ ያወቀውን አላወቅሁም ብሎ ማሰብ፣ የፈሰሰ ውኃ እንደ ማፈስ ነው። ሌላ መንገድ ሞከረ። እሱ ከውጭ ቆሞ ቢሆንና ይህን ካርታ ይርጋለም ይዞ «ምን ልበል?» ቢለው? መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። እለፍ። አጣማሪህ ባዶ ነው፤ አሥር ዙር ከየት ታመጣለህ? እለፍ።

ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተነሣበት። ይህን የሚለው ፍርዱ ነው ወይስ ጥፋቱ? ሕሊናው ስለቆሰለ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ የራሱን ዕዳ በጋሼ ካርታ መክፈሉ ነው፤ ይህም ሌላ በደል። ፊት ለፊቱ ያሉትን ሽማግሌ ቀና ብሎ አየ። ጋሼ ደሞዝ በእርጋታ ያዩታል። ያ የባለፈው ቅላት አንገታቸው ላይ የለም። እንደዚያ የተመቻቸው ለምንድን ነው? ገባው። አልቆዩም ስላላቸው ነው። መኪናው ነው ብሎ ስላረጋገጠላቸው፣ ለመጠንቀቅ ምክንያት አላገኙም፤ ዛሬ የበለጠ የቆዩትም ለዚያ ነው። እሳቸው ሕጉን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከሕጉ ያስወጣቸው እሱ ነው። መነንን ብቻ መስሎት ነበር የበደለው።

ዝም ብሎ «አለፍኩ» ቢልስ? ጨዋታው በሕጉ ይሄዳል። ማንም አይቀየምም። ጋሼም ካርታቸውን ሲያሳዩ «ምነው ልጄ፣ ብትጫረት ኖሮ!» ይሉታል፤ እሱም «ፈራሁ» ይላል። መነን ግን እንደ መጣች ትሄዳለች። ሰኞ ክፍል ገብታ በዚያው ወሬ መካከል ታስተምራለች፤ ቃሏንም እየጠረጠረች ትኖራለች። ዝም ብሎ ማለፍ ሁለተኛ «አላስተዋልኩም» ነው።

«በል እንጂ ወንድሜ!» አለ ይርጋለም። «ሩዙ እኮ አሸተ!»

«ተዉት፣ ያስብ» አሉ ጋሼ ደሞዝ። «ቀስ ብለህ፣ መቀናጆዬ።»

ሰውመሆን ካርታውን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አያ አዛናው ፎጣቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ። መነን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እሱ ግን ያየው ጋሼን ነበር፤ ነገሩ መጀመሪያ ለእሳቸው ነውና።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ቆይተዋል። ያን ቅዳሜም መኪናው ካለፈ በኋላ ቆይተው ነበር፤ እኔ አይቻለሁ፤ አይቼም ነው የተጫረትኩት። መነን የተናገረችው እውነት ነው» አለ፣ ድምፁን ሹፌሮቹ እስኪሰሙት ከፍ አድርጎ። ከዚያ የጨረታ ቃሉን ሰጠ፦ «አለፍኩ።»